ቤቱ ከተሸጠ በኋላ



ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ትሕትና ብዙ ተምረናል። ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ግን በጉባኤያችን ሲነገር የምንሰማው ጥቂት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። አባታችን አብርሃም ለሣራ መቀበሪያ የሚሆነውን የማክፌላን ዋሻ ከኤፍሮን ሲገዛ በስውር አልተዋዋለም፤ በከተማው በር፣ የኬጢ ልጆች እየሰሙ፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ (ዘፍ. 23)። ነቢዩ ኤርምያስም የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ሲገዛ ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮችን አቆመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ጽሑፍ ባሮክ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘ (ኤር. 32)። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ፣ ነቢዩም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን የአንዲት እኅታችን እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በአዲስ አበባ የነበራቸውን አሮጌ ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሸጡ። ዋጋውን የነገሯቸው ደላላው ናቸው፤ «ቤቱ አርጅቷል፣ መግቢያው ጠባብ ነው፣ ከዚህ በላይ አያወጣም» ብለው። ውሉን የጻፈውን ጠበቃ ያመጡትም እርሳቸው ናቸው። ገዢው ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው ተብሎ ሁሉም ነገር በአንድ ሳምንት አለቀ። ዓመት ሳይሞላ ያው ቤት በእጥፍ ዋጋ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ከዚያም አንዲት ጎረቤት፣ የመጀመሪያው ገዢ የደላላው ሚስት ወንድም መሆኑን ነገረቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችን እንቅልፍ አጡ። ታላቅ ልጃቸው በውሉ ላይ ምስክር ሆኖ ስለ ፈረመ ታናናሾቹ «ቤታችንን ያስበላኸን አንተ ነህ» ይሉት ጀመር። ደላላው ደግሞ የሰበካችን ሰው ናቸው። በየበዓሉ እናያቸዋለን።

ነገሩ በጉባኤያችን በተነሣ ጊዜ ሁለት ዓይነት ድምፅ ተሰማ። አንዱ ወገን «ሌባ ነው፤ ሄደን በደጁ እናዋርደው» አለ። ሌላው ወገን «ንብረት አላፊ ነው፤ ለእግዚአብሔር ሰጥተው ዝም ይበሉ» አለ። ሁለተኛው ቃል መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚናገረው ቤቱን ያልሸጠው ሰው ነው። ሱነማዊቷን ሴት እናስታውስ። በነቢዩ በኤልሳዕ ቃል ከረኀብ ሸሽታ ሰባት ዓመት በፍልስጥኤም አገር ከኖረች በኋላ ስትመለስ ስለ ቤቷና ስለ እርሻዋ ወደ ንጉሡ ጮኸች። ማንም ምድራዊ ነገር ወደደች ብሎ አልነቀፋትም። ንጉሡ ጠየቃት፤ ነገሯን ሰማ፤ ርስቷን ብቻ ሳይሆን ከሄደችበት ቀን ጀምሮ የበቀለውን ሁሉ እንዲመልስላት አንድ ጃንደረባ አዘዘላት (2ኛ ነገ. 8)። ይቅርታ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ የሆነውን አለመጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ምን እንደ ተደረገበት ያላወቀ ሰው ይቅር የሚለው ምኑን ነው?

የመጀመሪያው ወገንም ቢሆን ቸኩሏል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ቤቱ በእጥፍ መሸጡ ብቻውን ማታለልን አያስረዳም። ሁለተኛው ሽያጭ የተደረገው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው፤ የብሩ ዋጋ ራሱ ወድቆ ነበር። ገዢው ጣራውን ቀይሯል፣ አጥሩንም አሠርቷል። ጠቢቡም በመጽሐፈ ምሳሌ፣ ገዢ ሲገዛ ዕቃውን ያጣጥላል፣ ከሄደ በኋላ ግን ይመካል ብሎ የገበያን ጠባይ ነግሮናል (ምሳ. 20)። ገዢ ለራሱ ቢከራከር ማን ይገረማል!

ነገር ግን ያጣጣለው ገዢው ሳይሆን የሻጩ ሰው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናስብ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710፣ ውል ለአንዱ ወገን እጅግ ስላደላ ብቻ አይፈርስም ይላል። ነገር ግን የተጎጂውን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም የንግድ አለማወቅ መጠቀሚያ አድርጎ ፈቃዱን ያገኘ እንደ ሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። እንደራሴ የሆነ ሰውም ለወከለው በፍጹም ቅን ልቡና እንዲሠራ፣ ከጀርባውም ጥቅም እንዳያገኝ ሕጉ ያዝዛል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ብር ቀረብን?» የሚለው አይደለም። እነዚህ ባለሙያዎች ያገለገሉት ማንን ነበር? የደበቁትስ ምን ነበር? ነው። በርካሽ መሸጥ ክፉ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ አምኖ ጉዳዩን የሰጠን ሰው ከድቶ ለሌላው ወገን መሥራት ግን ኃጢአት ነው፤ ዋጋው ቢያንስም ባያንስም።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳንነቅፍ አናልፍም። ግብር ለመቀነስ ተብሎ በውል ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን የሚመክሩ ባለሙያዎችም አይታጡም። እንዲህ ያደረገ ሻጭ በኋላ ተታለልኩ ብሎ ቢነሣ የገዛ ፊርማው ይመሰክርበታል። የእኅታችን እናት ይህን አላደረጉም፤ ገንዘቡም በባንክ ስለ ተከፈለ ደረሰኙ በእጃቸው ነው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የሰጠንን ሥርዓት ለመከተል ተስማማን፤ በመጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ። እናታችን ብቻቸውን ሄደው «ሽያጭ አልቋል» ተብለው ተመለሱ። ከዚያ ሦስታችን ከንስሐ አባታቸው ጋር ሄድን። ጥያቄውን በወረቀት ጽፈን ነበር፤ ቃል ሲበዛ ስድብ ይገባል ብለን። «ጋሼ፣ ገዢው ዘመድዎ መሆኑን ለእናታችን ነግረዋቸው ነበር? ሌላ ገዢ መጥቶ ነበር? የጠበቃውን ዋጋ የከፈለው ማን ነው? ኮሚሽንስ የተቀበሉት ከአንድ ወገን ነው ወይስ ከሁለቱም?»

ዝምድናውን ነግሬአቸዋለሁ አሉ፤ እናታችን አልሰማሁም ይላሉ። ጠበቃውን የከፈለው ገዢው መሆኑን አልካዱም። ስለ ኮሚሽኑ መልስ አልሰጡም። ቡና አፍልተውልን ጠጥተን ወጣን። እኛ ዳኞች አይደለንምና ከዚህ አልፈን አልፈረድንም።

ከዚያ በኋላ እናታችን ውሉንና የባንክ ደረሰኙን ይዘው ከደላላው ጋር ምንም ትውውቅ የሌለው ሌላ ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ በሁለት ዓመት የተወሰነ ነው፤ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርም እንደ ምክንያቱ ይለያያል፤ ስለዚህ ኀዘናችን ይብረድልን እያሉ መቆየት ብዙዎችን ጎድቷል። ጠበቃው የጎረቤቶቹን ስምና የሁለተኛውን ሽያጭ ቀን ጠይቆ ጽፏል። ታላቁ ልጃቸውም ምስክር ሆኖ የፈረመው የተነገረውን አምኖ መሆኑን ለወንድሞቹ አስረድቷል፤ ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም በአንድ ማዕድ በልተዋል።

ደላላው አሁንም እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ሰላምታ አልነሣናቸውም፤ የኮሚሽኑንም ጥያቄ አልተውንም።