የማን ሙቀት ነው?

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ የቆርቆሮ ሱቆች ቦታቸውን ለመስታወት ለበስ ሕንፃዎች እየለቀቁ ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ መስታወቱም የከሰዓት ፀሐይን አስገብቶ ያፍናል። ባለሱቁ የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ያስገጥማል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የመሐንዲስ ብቻ አይደለም።

ኤሲ ሙቀትን አያጠፋም፤ ያጓጉዛል። ከክፍሉ የሳበውን ሙቀት፣ ራሱ የበላውን ኤሌክትሪክ ጨምሮ፣ በውጭው ማሽን በኩል ይተፋዋል። ማሽኑ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ከተሰቀለ ወላፈኑ የሚያርፈው ጆንያ ተሸክሞ በሚያልፈው ወዛደር ፊት ላይ ነው። ታዲያ የራስን ምቾት በሌላው ላብ መግዛት ተገቢ ነው? መርካቶ ውስጥ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም እምነቶች የጎረቤትን መብት ያስተምራሉ። ትምህርቱ ግን እስከ ኤሲው ድረስ መዝለቁ ያጠራጥራል።

መውጫው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ጥላና በሁለት በኩል የሚከፈት መስኮት ብዙውን ሥራ ይሠራሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. በሐራሬ የተከፈተው ኢስትጌት የገበያና የቢሮ ሕንፃ ግድግዳና ወለሉን በሌሊት አየር እያቀዘቀዘ ቀኑን ይውላል።



ለመድኃኒት ቤት ወይም ለኮምፒውተር ክፍል ኤሲ የግድ ካስፈለገ፣ ባለሕንፃዎች ሆይ፣ የውጭውን ማሽን ከመተላለፊያው አንስታችሁ ጣሪያ ላይ አውጡት።