የትኛውን መጽሐፍ እንመን?

አሮጌ መኪና ለመጠገን መጽሐፍ መምረጥ የፍልስፍና ጥያቄ ነው ብንል የሚስቁብን ጓደኞች እንዳሉ እናውቃለን። ይሳቁ። ክፍል ውስጥ «ዕውቀት ምንድን ነው?» ሲባል ምሳሌው ሁልጊዜ ወንበር ነው፤ ወንበሩ አለ ወይስ የለም እየተባለ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ሰዓቱ ሲያበቃ ሁላችንም ከዚያው ከተጠራጠርነው ወንበር ላይ ተነሥተን እንወጣለን። የተጎዳ የለም። የፍሬን ቧንቧ ለመቀየር መጽሐፍ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ግን «ይህ መጽሐፍ የሚለኝ እውነት መሆኑን በምን ዐውቃለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ነገ ቁልቁለት ላይ ይጠብቀዋል።

ምሳሌያችን ቮልስ ነው። ከመካከላችን ለአንዱ አባቱ የተዉለት አንድ ቮልስ አለ፤ ወጪውንም ጥገናውንም አራት ሆነን እንካፈላለን። ቮልስ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመች መኪና ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውኃ ስላልሆነ ራዲያተር የለውም፤ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የዘይት ፊልትሮ እንኳ የለውም፣ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ሰው በእጁ ሊደርስበት፣ በአእምሮውም ሊጨርሰው የሚችል ማሽን ነው። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ሲወጣ የተሠሩት ቁጥራቸው ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸውን አስታውቋል። እንግዲህ ያሉት አሮጌዎች ዕድሜያቸው መርዘሙ ነው፤ ጥያቄውም የአራታችን ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ወጥመድ አለ። «የቮልስ መጽሐፍ» የሚባል ነገር የለም። ቅርጹ አንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሲለዋወጥ ኖሯል። የቀደሙት በ6 ቮልት፣ የኋለኞቹ በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ሞተሩ 1200 አለ፣ 1300 አለ፣ 1500 አለ፣ 1600 አለ፤ የፍሬኑም አሠራር ተለውጧል። በዚያ ላይ ብዙው ቮልስ በዕድሜው አንድ ሁለቴ ሞተር ቀይሯል። ፈላስፎች የቴሴዎስ መርከብ የሚሉት እንቆቅልሽ አለ፤ ሳንቃው አንድ በአንድ ተለውጦ ያለቀ መርከብ ያው መርከብ ነው ወይ? እኛም እንጠይቅ፤ የ1965 ሻንሲ ላይ የ1971 ሞተር ከተቀመጠ የትኛው መጽሐፍ ነው የእርሱ? መርከቡን በተመለከተ ክርክሩ ይቀጥል፤ የቮልሱ መልስ ግን ቀላል ነው። ለፍሬኑ የሻንሲው ዘመን፣ ለቫልቩ የሞተሩ ዘመን። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ መያዝ ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። ከታወቁት ውስጥ ሦስቱን እንውሰድ፤ ሦስቱም በሦስት ዓይነት አእምሮ የተጻፉ ናቸው።

አንደኛው የፋብሪካው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ቤንትሌይ የተባለ አሳታሚ ያወጣው። የሚናገረው ለሠለጠነ መካኒክ ነው። ልክ ይሰጣል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ልዩ መሣሪያውን በቁጥሩ ይጠራል። ያ መሣሪያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ዝም። ሁለተኛው የሄይንስ ነው። ጆን ሄይንስ የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ ሆኖ፣ ከእኛ ባሕር ማዶ፣ ዓደን ሳለ እ.ኤ.አ. በ1965 ገደማ የአንድ ባልደረባውን ትንሽ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና አብሮት ፈታ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለተራ ባለመኪና እንዳልተጻፈ ያየው ያኔ ነው፤ ካሜራ ገዝቶ እያንዳንዱን እርምጃ ፎቶግራፍ አነሣ፤ በ1966 የመጀመሪያው መጽሐፍ ታተመ። ዘዴው ያው ሆኖ ቀጠለ፤ መኪናውን ፈትቶ፣ ገጥሞ፣ እጅ ያየውን መጻፍ። ሦስተኛው ጆን ሚዩር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ነው። ሰውዬው ምንም ለማያውቅ ጅል እንደሚጽፍ ገና በርእሱ ላይ ይናገራል፤ ከዚያ ግን ጅሉን እንደ ጓደኛ አስቀምጦ ያወጋዋል።

የትኛው ይሻላል? መልስ ከመስጠታችን በፊት አንድ ልዩነት እናስቀምጥ። መጽሐፍ ሁለት ነገር ሊነግረን ይችላል፤ «ስንት» እና «ለምን»። አንዱን የቫልቭ ክፍተት እንውሰድ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊሜትር ይላል፤ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ ይለካል ይላል። አለቀ። ይህ «ስንት» ነው። «ለምን» የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ቫልቩ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተቱ ከጠበበ ተዘግቶ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ተዘግቶ ካልተቀመጠ ሙቀቱን የሚያራግፍበት አጥቶ ይቃጠላል። በቀደሙት ሞተሮች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልልበት ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ይህን ያወቀ ሰው ሁለተኛ ነገር ያውቃል፤ ቫልቩ ቀጭ ቀጭ እያለ ቢጮህ ያሰለቻል እንጂ ሞተሩን ቶሎ አይገድልም፤ ድምፁ እስኪጠፋ አጥብቆ «በቃ ጸጥ አደረግኩላችሁ» የሚለው መካኒክ ግን ቫልቩን ሊያቃጥለው ነው። ዝምታው ደስ ይላል። ችግሩ ዝምታው ነው!

«ስንት»ን ብቻ የሚሰጥ መጽሐፍ አንባቢውን ታዛዥ ያደርገዋል። «ለምን»ን የሚጨምር ነጻ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ሀገራችን ራሷ ምስክር ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቮልስ የተወለደባት ቮልፍስቡርግ ግን ሜዳ ላይ ናት። ለዚያ አየር የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩም ጉልበቱን አጥቶ ሽቅብ ያቃስታል። መጽሐፉ የሚለውን ልክ አንድ ሳይቀር የፈጸመ ሰው እዚህ ጥቁር ካንዴላ ያገኛል። ቁጥሩ ባሕር አልተሻገረም። ምክንያቱ ግን ተሻግሯል፤ አየር ከቀነሰ ቤንዚንም ይቀንስ፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ጠበብ ያለች አድርጉ። ይህን እዚህ ያሉ አሮጌ መካኒኮች መጽሐፉን ሳያነቡ ያውቁታል።

ፕላቶን በ«ፋይድሮስ» ውስጥ መጽሐፍን የሚከስበት ነገር አለ፤ ብትጠይቀው ያንኑ ቃል ይደግምልሃል እንጂ አይመልስልህም ይላል። ክሱ የደረሰብን ግሪክ አንብበን አይደለም። የእኛው የመጽሐፍ ቤት ተማሪ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ንባቡ ብራና ላይ አለ፤ ትርጓሜው ግን መምህሩ አፍ ውስጥ ነው፤ «አንድም» እያለ፣ «አንድም» እያለ እንዲህ ሲሆን እንዲህ፣ እንዲያ ሲሆን እንዲያ ብሎ ያወርደዋል። አንድምታው በማተሚያ ቤት የወጣው ብዙ ዘመን በቃል ከኖረ በኋላ ነው። እንግዲህ ጋራዥ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ያጎነበሰው መካኒክ የሚሠራው ሌላ ምንድን ነው? ፋብሪካው 0.15 ብሎ ጽፏል፤ አንድም፣ ሞተሩ ያረጀ ከሆነ፤ አንድም፣ ቫልቩ ቀድሞ ተቀይሮ ከሆነ። ንባቡን የፋብሪካው መጽሐፍ ይሰጠናል፤ ትርጓሜውን ግን ዘይት የነካው እጅ ነው የሚሰጠን።

ይህን ስንል መካኒኩን ቅዱስ ማድረጋችን አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ዕውቀት እንደ ምስጢር ይያዛል። ረዳቱ ዓመት ሙሉ ካቻቢቴ ሲያቀብል ይኖራል፤ ዋናው ሥራ ሲደርስ «ሂድ ሻይ አምጣ» ይባላል። ኧረ እኛም ባለመኪኖቹ «እናንተ እዚያ ቁጭ በሉ» ተብለን ጀርባ ብቻ አይተን የተመለስንበት ቀን ብዙ ነው። መጽሐፍ የሚከበርበት ምክንያት ይህ ነው፤ መጽሐፍ ማንንም ሻይ አያስመጣም። የሄይንስ ፎቶግራፍ ለጌታውም ለረዳቱም እኩል ይታያል።

ደግሞ የኛን ወገን ነውር አንደብቅ። ተማሪ የሚባል ፍጥረት በመጽሐፍ የተጻፈውን ዕውቀት፣ በእጅ ያለውን ግን «ልምድ ብቻ» ብሎ ይጠራል። ይህ በሽታ ከእኛ ይበልጣል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በገዛ ሙያቸው ስም ሲሰደቡ የኖሩባት አገር ናት፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቃሉን ለውጧል እንጂ አልጠፋም። አርስቶትል እንኳ በ«ኒኮማካዊ ሥነ ምግባር» ስድስተኛ መጽሐፉ የመሥራትን ጥበብ ከዕውቀት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ሲቆጥር፣ እኛ ከእርሱ ብሰን እንገኛለን።

አንድ ሌላ እንቅፋት አለ፣ ቋንቋ። መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ጋራዡ ግን የሚናገረው ከጣልያን የተረፈ አማርኛ ነው። መጽሐፉ ክላች ይላል፣ መካኒኩ ፍሪሲዮን፤ መጽሐፉ ጊርቦክስ፣ መካኒኩ ካምቢዮ፤ መጽሐፉ ስፓርክ ፕላግ፣ መካኒኩ ካንዴላ። እንግሊዝኛውን የሚያነበው እጁ ንጹሕ ነው፤ እጁ የቆሸሸው ደግሞ እንግሊዝኛውን አያነብም። ሁለቱ አንድ ቮልስ ላይ አጎንብሰው አይግባቡም። በዚህ ምክንያት ሥዕሉና ፎቶግራፉ የበዛለት መጽሐፍ እዚህ አገር ከጽሑፉ በላይ ዋጋ አለው፤ ጣት የሚቀመጥበት ነውና።

ታዲያ «ለምን»ን ያወቀ ሁሉ ቁጥሩን እንዳሻው ይለውጥ? እዚህ ላይ እኛ አራታችን ተጣልተን ነበር፤ የተስማማነውም በአንድ ነገር ብቻ ነው። ስሕተቱ የሚከፈለው በማን ነው ብለን እንጠይቅ። የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ብናጠብና ብንሳሳት የሚባክነው የእኛ ቤንዚን ነው፤ ሞተሩ ቢጎዳ የእኛ ሞተር ነው። እዚያ ላይ አንድምታ ይፈቀድልናል። ፍሬኑ ግን ሌላ ነው። የቀደሙት ቮልሶች ፍሬን በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሠራ አንዲት ቧንቧ ብትቀደድ አራቱም ጎማ አብሮ ይከዳል። ፍሬኑ ሲከዳ ደግሞ የሚከፍለው እኛ ብቻ አይደለንም፤ መንገድ የምታቋርጠው ሴትዮ ናት፤ መጽሐፋችንን አልመረጠችም፣ ስለ ፕላቶንም አልጠየቅናትም። በእርሷ ሕይወት ላይ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል» የማለት መብት ከየት እናገኛለን? እዚያ ላይ ቁጥሩ እንደ ተጻፈ ይፈጸማል፤ የሚፈጽመውም ቀድሞ የሠራ እጅ አጠገቡ ቆሞ ያየው ሰው ነው።

ከመካከላችን አንዱ ይህን አልተቀበለም። «ይህማ ሰነፍ ሰው የሚደበቅበት ነው፤ የመካኒኩንስ እጅ ማን መረመረው?» ይላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። መካኒኩም ተሳስቶ ያውቃል፤ ያው ጸጥ ያደረገውን ቫልቭ አስታውሱ። ነገር ግን ሁለት ዓይኖች ከአንድ ይሻላሉ ከማለት በቀር የምንመልስለት አላገኘንም፤ መጽሐፉ መካኒኩን ይይ፣ መካኒኩም መጽሐፉን።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ገንዘብ ያለው ሦስቱንም ይግዛ፣ ይህማ ምን ምክር ያስፈልገዋል። ለአንድ ብቻ የሚበቃ ያለው ግን የፋብሪካውን ይውሰድ እንላለን፤ የሚደርቀው እርሱ ሆኖ ሳለ። ምክንያቱን ከመካኒክ ለምነን፣ ከጓደኛ ጠይቀን፣ አስበንም ልንደርስበት እንችላለን፤ ቁጥሩን ግን አስቦ የሚደርስበት የለም። የሚዩርን መጽሐፍ ደግሞ ያለው ሰው ፈልጎ መዋስ ነው፤ ከሥራ በፊት ማታ ማታ የሚነበብ ነው። አሮጌ ቅጂ ስትገዙ ንጹሑን አትምረጡ። ዘይት የነካው፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈበት ይሻላል። የእኛው ቅጂ የካርቡሬተሩ ገጽ ላይ የታተመው ቁጥር ተሰርዞ በእጅ ሌላ ተጽፎበታል፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ቁጥሩ ግን ከታተመው ያንሳል።

አሁን የፍሬኑን ምዕራፍ በጋራዥ አማርኛ እየመለስን በደብተር እንጽፋለን። ሰፈራችን ካለው ጋራዥ አንድ ረዳት ማታ ማታ እየመጣ ቃሉን ያርምልናል፤ እኛ ደግሞ እንግሊዝኛውን እናነብለታለን። የደረስነው የኋላው ጎማ ጋ ነው። ረዳቱ ሥዕሉን አይቶ «ይሄ ስፕሪንግ እኛ ዘንድ ተገልብጦ ነው የሚገባው» ብሎ ስለ ተከራከረ፣ ቅዳሜ ጎማውን ፈትተን እናየዋለን።