የልጅ አእምሮ ይለካልን?

የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ልጅን ሲፈትን ሳያውቀውም ቢሆን ለአንድ የፍልስፍና ጥያቄ መልስ እየሰጠ ነው፤ የማሰብ ችሎታ ተወስኖ ያለቀ ነው ወይስ ገና የሚበቅል? መልሱ ልጁ በየትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የመጀመሪያውን የማሰብ ችሎታ ፈተና ያዘጋጁት የተለየ እገዛ የሚሹ ልጆችን ለመለየት ነበር። ቢኔ ችሎታ በልምምድ እንደሚዳብር ያምን ነበር። ፈተናው አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ግን ብዙዎች ውጤቱን የማይለወጥ የተፈጥሮ ልክ አድርገው ወሰዱት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ እየተፈተኑ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 በፍርድ ቤት ክስ የተነሳ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸውም እንዲፈተኑ ስምምነት ተደረሰ። ጉድለቱ የልጆቹ አልነበረም፤ የፈታኞቹ ነበር።

ሩማኒያ ተወልዶ እስራኤል የሠራው ሩቨን ፎየርስታይን ጥያቄውን ከሥሩ ለወጠው። በእሱ አካሄድ ፈታኙ ልጁ ሲሳሳት ያስተምረዋል፤ ከዚያም መልሶ ይፈትነዋል። ዋናው ነገር ልጁ ከተማረ በኋላ ምን ያህል እንደተራመደ ነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ወጣቶችም በዚህ ዘዴ ተመዝነዋል። ብዙዎቹ ያደጉት በገጠር፣ ዕውቀት በቃል ከሽማግሌ ወደ ልጅ በሚተላለፍበት ኑሮ ነው፤ በወረቀት ላይ የተሣሉ ቅርጾችን ማዛመድ እንግዳ ነገር ነበር። ጥቂት ከተማሩ በኋላ ውጤታቸው በጉልህ ተሻሻለ። የተለካው ልምምዱ እንጂ ችሎታው አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ልጁ ያገኘውን ዘዴ ባልተማረው ጥያቄ ላይ ሲጠቀምበት ግን ተቃውሞው ይዳከማል። ይህ ማለት እክል የለም ማለት አይደለም፤ የመስማት ችግርም ሆነ የንባብ እክል በማበረታታት ብቻ አይጠፋም።

በአሜሪካ የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያው ከድኅረ ምረቃ ትምህርቱ ጋር ቢያንስ 1,200 ሰዓት የተግባር ልምምድ እንዲያደርግ የሙያ ማኅበሩ መለኪያ ይጠይቃል። ከሚማራቸው ነገሮች ከባዱ ምናልባት ውጤትን መጠራጠር ነው። የእንግሊዝኛ ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ክብደቱ ይለወጣል፤ አስተርጓሚ መቅጠር ብቻውን ፈተናውን ፍትሐዊ አያደርገውም። ወላጅን መጠየቅ፣ ልጁን ክፍል ውስጥና ሲጫወት መመልከት ያስፈልጋል።

የሚከብደው ሌላው ነገር ስያሜ ነው። የአሜሪካ ሕግ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ለመስጠት በአብዛኛው ልጁ ከተዘረዘሩት የጉዳት ዓይነቶች በአንዱ እንዲመደብ ይጠይቃል፤ ባለሙያው ስም ካልሰጠ እርዳታው አይመጣም፣ ከሰጠም ስሙ ልጁን ሊከተለው ይችላል። እዚህ ላይ ሊጠበቅ የሚገባው መርሕ ስያሜው ለአገልግሎቱ እንጂ ለልጁ ማንነት አለመሆኑ ነው። ሕጉ ራሱ ወላጅና ትምህርት ቤት አያስፈልግም ብለው ካልተስማሙ በቀር ልጁ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ዳግም እንዲመዘን ያዛል።