ሊጡን እንክደነው



ነገ ሐምሌ 19፣ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። መልአኩ ከፈላ ውኃ ያዳናቸውን የቂርቆስንና የኢየሉጣን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ባጭሩ አልፈዋለሁ። የፈላው ውኃ እንደ ነጎድጓድ ሲያስገመግም የደነገጠችው እናቱ ኢየሉጣ ናት፤ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣውን አምላክ እያስታወሰ ያጸናት የ3 ዓመት ልጇ ቂርቆስ ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር እጽፍላችኋለሁ። አንደኛ፣ መፍራት ነውር አይደለም፤ ኢየሉጣም ፈርታለች፣ ቅድስትም ናት። ሁለተኛው ስለ ጩኸታችሁ ነው፤ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ከኬራንዮ እስከ አየር ጤና ያለን ሰዎች ምን ነካን? ታክሲ ሲዘገይ ተራ አስከባሪውን መስደብ፣ ረዳቱ መልስ ቢያቆይ ዘር ማንዘሩን ማንሳት፣ ውኃ ሲጠፋ ልጅ ላይ መጮህ! «ኑሮው ነው አባ» ትሉኛላችሁ። መክበዱን መች አጣሁት? ግን ኑሮው ለልጃችሁም ከብዷል፤ እሱ ማንን ሰደበ?

የወይራ ሰፈር አንዲት እናት ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። እንጀራ ስትጋግር መብራት ድርግም ይላል። ምጣዱ ላይ የፈሰሰው ዐይን ሳያወጣ ቀረ፤ ሊጡ ገና ባልዲ ሙሉ ነው። አክንባሎውን ወርውራ መብራት ያጠፋውን ረገመች፣ ቀጥላ ባሏን፣ ቀጥላ የተወለደችበትን ቀን። ትንሿ ልጇ የባልዲውን ክዳን በሁለት እጇ ታቅፋ መጣችና «እማዬ፣ ሊጡን እንክደነው፤ ዝንብ ይገባበታል» አለቻት። እናትየው ሳቅ አመለጣት። መብራቱ አልመጣም። ዳቦ ተገዛ፣ ተበላ፣ ታደረ።

ልጅ አያለቅስም አላልኩም። ያለቅሳል፣ መሬት ላይ ይንፈራገጣል። ሲወጣለት ግን እንባውን ሳይጠርግ ጨዋታው ውስጥ ይገባል። እናንተ አምና ሰልፍ ላይ የገፋችሁን ሰው መልክ ዘንድሮም አልረሳችሁም! ጌታ እንደ ሕፃናት ሁኑ ሲል ይህንንም ሳይጨምር አይቀርም፣ ልጆቼ።

ሦስተኛው ይቆየን። ይልቅ ነገ ጸበል ስትቀዱ ጀሪካን ለጀሪካን እየተጋጫችሁ አሮጊቶቹን እንዳትገፉ። ባለፈው ታቦቱ ሳይገባ የተነሣውን ግብግብ አይቻለሁ፤ ማን እንደጀመረውም አውቃለሁ። ልጆቹን ከፊት አሰልፏቸው፤ እናንተ ከኋላቸው ቁሙ።