ሐሰተኛው ቀንድ እውነተኛውን አውራሪስ ያድናልን?



ባለፈው ሰንበት ከመዝሙር ጥናት በኋላ ለመበታተን ስንነሣ፥ አንዲት እኅታችን ባነሣችው ጥያቄ ምክንያት እስኪመሽ ድረስ ተከራከርን። ጥያቄዋም፥ «ፍጡርን ከሞት ለማዳን ሲባል ገዢን ማታለል ይገባልን?» የሚል ነበር። ነገሩ የመጣው ከአውራሪስ ቀንድ ነው።

የአውራሪስ ቀንድ ጥፍራችንና ጸጉራችን ከተሠሩበት ነገር የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ በቬትናምና በቻይና መድኃኒት ነው፥ የክብር ምልክትም ነው እየተባለ በውድ ዋጋ ስለሚሸጥ አውራሪሱ ይገደላል። የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቈጣጠረው ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀንዱ ከአገር ወደ አገር እንዳይነገድ ከልክሏል፤ ግድያው ግን አልቆመም። በ2019 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድና የፉዳን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈረስ ጭራ አንድ ላይ አስረው፥ ከሐር ባዘጋጁት ማጣበቂያ አያይዘው፥ እውነተኛውን በጣም የሚመስል ቀንድ ሠሩ። ሐሳባቸውንም አልሸሸጉም። ገበያው በሐሰተኛ ቀንድ ሲሞላ ገዢው ግራ ይጋባል፥ ዋጋው ይወድቃል፥ ሕገ ወጡ አዳኝም ጠመንጃውን ያስቀምጣል የሚል ነው።

አብዛኞቻችን በመጀመሪያ «ይህስ ደግ ተንኰል ነው» ብለን ነበር። ነገር ግን ሐሰተኛው እውነተኛውን ይህን ያህል ከመሰለ፥ በኬላ የቆመው ፈታሽ በምን ይለየዋል? የተገደለ አውራሪስ ቀንድ የያዘው ሰው «የፈረስ ጸጉር ነው» ቢል ማን ይረታዋል? የአውራሪስ ተቈርቋሪ ማኅበራት ሰው ሠራሹን ቀንድ የተቃወሙትም ስለዚህ ነው። ስምምነቱም ቢሆን በማሸጊያው ወይም በወረቀቱ ላይ የተከለከለው እንስሳ ስም የተጻፈበትን ዕቃ የዚያው እንስሳ አካል አድርጎ ይቈጥረዋል። (ውሸታም በገዛ ቃሉ ሲያዝ ማየት ደስ ይላል።)

እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የቆየ አንድ ወንድማችን በዚህ ጊዜ ተናገረ። አባቱ በጅማ በኩል ጥርኝ የሚይዙ ገበሬ ናቸው። «በእኛ አካባቢ ዝባድ ላይ ቅቤ ቀላቅለው የሚሸጡ ነበሩ» አለ። «ገዢው ግን ዝባድ መግዛቱን አልተወም፤ መመርመር ተማረ እንጂ። ንጹሑም የባሰ ተፈለገ።» ከኦክስፎርድ የመጣው ሐሳብ በዚህች ቃል ሲናጋ ተሰማን።

ዝባድ አገራችን ከጥንት ጀምሮ ለሽቶ ሠሪዎች የምትልከው ነው። ወንዱ ጥርኝ ከዱር ተይዞ መዞሪያ በሌለው የእንጨት ጎጆ ይገባል፤ ጢስ በሞላበት ቤት ሥጋና ገንፎ እየበላ ይኖራል፤ ዝባዱም በየጥቂት ቀኑ ተጠርጎ በበሬ ቀንድ ይታሸጋል። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት በ1926 እ.ኤ.አ. የዝባዱን ሽታ የሚሰጠውን ሲቬቶን አወቃቀሩን ለይቶ አሳወቀ፤ በ1939 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎችም አንዱ ይህ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሽቶ የሚሠራው በፋብሪካ በተዘጋጀ ሽታ ነው። እዚህ ላይ ግን ማንም አልተታለለም፤ ሽቶ ሠሪው የሚገዛውን ዐውቆ፥ በስሙ ጠርቶ ይገዛል። ሰው ሠራሽ ነገር በራሱ ስም ከተሸጠ ነውር የለበትም፥ በሌላው ስም ከተሸጠ ግን የፈረስ ጸጉርም ያው ቅቤ የተቀላቀለበት ዝባድ ነው ብለን የተስማማነው በዚህ ነበር።

ወንድማችን ግን አልጨረሰም ነበር። «ደብተሬም ጫማዬም ከዚያ ቀንድ የወጡ ናቸው» አለን። «ጥርኙ ሌሊት በጎጆው ውስጥ ሲንቆራጠጥ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሲቬቶን እሱን ነፃ ካወጣው ደስ ይለኛል። አባቴንስ ማን ያወጣቸዋል?»

ለዚህ መልስ አላገኘንለትም። ለመስቀል አገሩ ሲገባ ስለ ሲቬቶን ለአባቱ ይነግራቸው እንደሆነ ብቻ ጠየቅነው።

«እሱንስ ገዢዎቹ ነግረዋቸዋል» አለ። «ከዚያ ሌላ የምነግራቸው ሥራ ይዤ ብገባ ነበር የሚሻለው።»