እንጀራው ስለ ተዘጋበት ሰው

በአገራችን ልማድ ወደ ሰርግ የሚሄደው የተጠራ ሰው ነው፤ ወደ ለቅሶ ግን ሳይጠሩ ይሄዳሉ። ሞት የገባበት ቤት በሩ ተከፍቶ ይውላል፤ ጎረቤትም የሚሠራውን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ድንኳን የሚተክል አለ፤ ወንበር የሚሸከም አለ፤ ንፍሮ የሚቀቅል አለ። ምንም የሚሠራው የሌለ ሰው እንኳ መጥቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ መቀመጡ ብቻ እንደ ትልቅ ነገር ይቈጠርለታል። የሚባለው ቃል የታወቀ ነው፤ የሚቀመጡበትም ቀን የታወቀ ነው። ስለዚህ ኀዘኑ ምንም ቢከብድ ኀዘንተኛው ብቻውን አይሸከመውም።

አሁን ደግሞ በዚያው ሰፈር ሌላ ቤት እንመልከት። በዚህኛው ቤት የሞተ የለም፤ ነገር ግን አባወራው ከሥራ ተሰናብቷል። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በየወሩ ወደ አገር ቤት ለአሮጊት እናቱ የሚልከው ብር፣ ይህ ሁሉ በአንዲት ገጽ ደብዳቤ ቆሟል። የዕድሩ ጡሩምባ ግን አልተነፋም፤ ድንኳንም የለም። ጎረቤት ወሬውን ቢሰማ እንዳልሰማ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ቢያገኘውም ሰላምታውን ያሳጥራል። ይህንም የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ የሚናገረው ቃል ስለ ጠፋው ነው። ለሞት የተሠራ ሥርዓት አለን፤ ለሥራ ማጣት ግን ሥርዓት አልሠራንለትም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ እንጀራው ለተዘጋበት ሰው ጎረቤቱና ወዳጁ ግዴታ አለባቸውን? ካለባቸውስ እስኪጠሩ ድረስ ሊቀመጡ ይገባቸዋልን ወይስ እንደ ለቅሶው ሳይጠሩ ሊሄዱ? እኔ ሳይጠሩ መሄድ ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ፣ «ሞት መመለሻ የለውም፤ ሥራ ግን ቢጠፋ ይገኛል፤ ደግሞም ሳያጠፋ የሚባረር የለም» የሚል ነው። የዚህ ንግግር የመጨረሻው ክፍል ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል፤ እውነትም አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ከገጠር የመጡ፣ ልብስ የሚሰፉ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያ በአጎዋ ሕግ ያለ ቀረጥ ዕቃ የምታስገባበትን መብት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በከለከለ ጊዜ ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከመኪናቸው ተነሡ። በጦርነትና በመንግሥታት ክርክር መካከል አንዲት ኮሌታ ሰፊ ምን አጠፋች? በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያው መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠውን እርዳታ ባቆመ ጊዜ፣ በዚያ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ የጤና ባለሙያዎች፣ ሒሳብ ያዦችና ሾፌሮች ባንድ ሰሞን ደብዳቤ ደረሳቸው። ከእነርሱም መካከል በሥራቸው የተመሰገኑ ነበሩ። በራሱ ጥፋት የሚወጣ ሰው የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ጥፋቱን መመርመር የዳኛ ሥራ ነው እንጂ ሊያጽናና የሄደ ሰው ሥራ አይደለም።

የኢዮብን ወዳጆች እናስታውስ። ሦስቱም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንዳች አልተናገሩትም፤ እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ጥፋቱን ፍለጋ ገቡ። «ምን አድርገህ ነው ያስወጡህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወዳጅም እንዲሁ ነው።

ሥራ ያጣ ሰው የሚያጣው ደመወዙን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በገንዘብ ይጠገን ነበር። በአውስትሪያ አገር፣ ከቪየና ከተማ ብዙም ሳትርቅ ማሪንታል የምትባል የፋብሪካ መንደር ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1929 እስከ 1930 የፈትሉ ፋብሪካ ተዘጋና መንደሩ በሙሉ ለማለት ይቻላል ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዘል የተባሉ ወጣት ምሁራን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደዚያ ሄደው የሕዝቡን ኑሮ መረመሩ፤ ያገኙትንም በ1933 አሳተሙ። ሰው ሥራ ሲፈታ ጊዜ ስለሚተርፈው ብዙ ያነብባል ብለን እናስባለን። በማሪንታል ግን ከቤተ መጻሕፍት የሚወሰደው መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ያውም የመዋሻው ክፍያ ከቀረ በኋላ ነው። መርማሪዎቹ በመስኮት ሆነው የመንገደኛውን እርምጃ በሰዓት ለኩ፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ በዝግታ የሚራመዱ፣ በየጥቂቱም የሚቆሙ ሆነው ተገኙ። ሴቶቹ የቤት ሥራ አልተፈታላቸውምና የሚደርሱበት ሰዓት ነበራቸው። ወንዶቹ ግን ጧት ምን እንደ ሠሩ፣ ከሰዓት በኋላ የት እንደ ዋሉ በወረቀት እንዲጽፉ ቢጠየቁ የሚጽፉት ጠፋቸው።

ይህን ሳነብ የራሳችን ከተማ ሰው ታየኝ። ከሥራ ከወጣ ወር አልፎታል፤ ነገር ግን ሚስቱ እንዳታውቅበት ጧት ተነሥቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከረቫቱን አስሮ ይወጣል። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ሻይ ይዞ ይቀመጣል፤ ከምሳ በኋላ የሚያውቀው ሰው ወደማያልፍበት ሰፈር ይሄዳል፤ ልክ በ11 ሰዓት እንደ ደከመው ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወሩ ሲያልቅ ከማኅበር ባልንጀራው ተበድሮ «ደመወዝ» ብሎ ለሚስቱ ይሰጣል። ይህ ሰው ሌባ አይደለም፤ ውሸታምም ሆኖ አያውቅም። ኀፍረት ነው እንዲህ ያደረገው።

ኀፍረትም ዋጋ ያስከፍላል። የዕቁቡን መክፈል ስላልቻለ ከዕቁቡ ይቀራል፤ ከዕቁቡ ሲቀር ሥራ የት እንዳለ ከሚያውቁት ነጋዴዎች ይለያል። የዕድር መዋጮ ሲከማችበት ለቅሶ ላይ መታየት ይፈራል፤ ለቅሶ ሲቀር ደግሞ «እገሌ ሰው ጠላ» ይባላል። ሰው ከመቼውም ይልቅ ሰው በሚያስፈልገው ጊዜ በገዛ እጁ ራሱን ከሰው ይቈርጣል ማለት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ተረቱ ልክ ነው። ነገር ግን ሥራ ያጣውን ሰው በዚህ ተረት ከመገሠጻችን በፊት፣ በሽታውን ቢገልጥ እንዴት እንቀበለው እንደ ነበረ ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው። ሳይጠሩ መሄድ ይገባል የምለው ስለዚህ ነው። የሚያፍር ሰው አይጠራምና።

ሕግ የሚሰጠውን መጠየቅስ ልመና ነውን? አይደለም። በአገራችን ሥራ ለፈታ ሰው በየወሩ የሚከፈል የመንግሥት መድን የለም፤ ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ጥቂት ነገር ደንግጓል። ሠራተኛው በቅነሳ ሲወጣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ የሚገባውም ገንዘብ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈለዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሢሶ ይጨመራል፤ ድምሩ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ አለው። በቀን 200 ብር እያገኘ 4 ዓመት ያገለገለ ሰው ቢቀነስ፣ ስንብቱ 12,000፣ ጭማሪው 12,000፣ ባንድነት 24,000 ብር ይሆንለታል። «ክብሬን ልጠብቅ፣ ከእነርሱ ጋር አልካሰስም» ብሎ ይህን የሚተው ሰው አለ። ክብሩን ጠበቀ ወይስ የልጆቹን ጉርሻ ለማይገባው ሰው ሰጠ? ጊዜም አይጠብቀውም፤ የደመወዝና ይህን የመሰለው ክፍያ ክስ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ደግሞ በ3 ወር በይርጋ ይዘጋል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ከዚህ አዋጅ ውጭ መሆኗን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። እርስዋን የሚያሰናብት ቤተ ሰብ የሚዳኘው ከኅሊናው በቀር የለም ለማለት ይቻላል።

ሕግ የማይደርስበትን ግን ሰው ሊደርስበት ይገባል። በ1204፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በግብፅ አገር ያረፈው አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎት ነበር። ከሁሉ ዝቅ ያለው ፊትን አጥቍሮ መስጠት ነው፤ ከሁሉ የላቀው ደግሞ ለተቸገረው ሰው ማበደር፣ ወይም በንግድ መተባበር፣ ወይም ሥራ ማስያዝ ነው፤ ሰውዬው የሌላውን እጅ ከማየት ይድናልና።

ይህን የላቀውን ደረጃ ለመፈጸም መንገዱ በእጃችን አለ፤ ዕቁብ ይባላል። ዕጣው የደረሰው ሰው ተራውን ለተቸገረው አባል ሲለቅለት ብዙ ጊዜ እናያለን። ይህ እንዴት ያለ ብልህ እርዳታ ነው! ተቀባዩ የወሰደው የገዛ ገንዘቡን ነው፤ ተራው ቀደመለት እንጂ ከማንም አልለመነም፤ አንገቱንም አልደፋም። እርግጥ ነው፣ ዕጣውን ከበላ በኋላ የሚከፍለው ከየት ያመጣል የሚል ጥያቄ አለ። በዚያ ብር ጀበና፣ ስኒና ከሰል ገዝታ ቡና ማፍላት ለጀመረች ሴት መልሱ ቀላል ነው። ለኪራይ ለከፈለው ግን ከባድ ስለሚሆን ዳኛውና አባሎቹ ጊዜ ሊሰጡት ይገባል።

ሥራ በማፈላለግም በኩል አንድ የምንሸሸው ነገር አለ፤ ዋስነት። ገንዘብ ያዥ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ለመቀጠር ብዙ ቦታ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ይጠየቃል። ሰውዬው ፈተናውን አልፎ፣ ቦታውን አግኝቶ፣ ዋስ በማጣት ብቻ ይቀራል። «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» ሲል የነበረው ወዳጅ በዚያን ቀን «ከሚስቴ ልማከር» ይላል፤ ከዚያም ወዲያ ስልኩን አያነሣም። ፍርሃቱ ምክንያት የሌለው ነው አልልም፤ ዋስ ከፋይ ሆኖ ያውቃል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። እንግዲህ ሰው አቅሙን ለክቶ፣ ልኩን በቍጥር አስጽፎ መፈረም ይችላል። ካልቻለም አልችልም ይበል፤ ያም ሰው ሳይውል ሳያድር ሌላ ዋስ ይፈልጋል። ከእንቢታ ይልቅ የሚያደክመው በተስፋ መጕላላት ነው። (ሥራ ማፈላለግ ስል ዘመድን በሌላው ወረፋ ላይ ማስቀመጥ ማለቴ አይደለም፤ ያ ሌላውን ሰው ሥራ ማሳጣት ነው።)

ዝቅ ያለ ሥራ ስለ መያዝ ብዙ ይመከራል፤ «ሥራ አትናቅ» ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸው ይታወቃል። አዋጁ የተነገረው ለሠራተኛው አልነበረም፤ ለተሳዳቢው ነበር። ዛሬም የተማረው ሰው ሱቅ ለመክፈት ወይም መኪና ለማጠብ የሚያፍረው ሥራውን ጠልቶ ሳይሆን የኛን ዓይን ፈርቶ ነው። ምክሩንም መቀበል ያለብን ከሁሉ አስቀድመን እኛ ነን።

አሁን ወደ ዕድር ልመለስ። ዕድር ለቀብር የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ግዴታውን አብዝታችሁ አፍርሱት ማለቴ አይደለም። ነገር ግን 200 አባወራ ያለበት፣ በየወሩ 100 ብር የሚከፈልበት ዕድር ይኑር እንበል። በዓመት ውስጥ 5 አባሎች ሥራ ቢያጡና ለእያንዳንዳቸው የ6 ወር መዋጮ ቢቀርላቸው፣ የሚጎድለው 3,000 ብር ነው፤ ለቀሩት 195 ሰዎች ቢካፈል ለአንዱ ከ16 ብር በታች ይደርሰዋል። ለአምሳ ሰው ጌጥ የሆነ ሎሚ ለአንዱ ሸክም ነው የሚባለው ስለዚህ ዓይነቱ ነገር አይደለምን? በዚህ የተነሣ ሥራ ያጣው ሰው ስሙ ከመዝገብ አይፋቅም፤ መቀጮም አይቈጠርበትም፤ ለቅሶ ላይ መጥቶ ድንኳን ይተክላል፤ ከድንኳኑም ሥር ከሰው ጋር ይነጋገራል።

«ሥራ ሳያጣ አጣሁ የሚለውን በምን እንለየዋለን?» የሚሉ አሉ። ይህም ያን ያህል አያስቸግርም። አሠሪው ሠራተኛው ሲወጣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ያገኝ የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ወረቀት እንዲሰጠው ያው አዋጅ ያስገድደዋል። ወረቀቱን በስብሰባ ላይ ማንበብ አያስፈልግም፤ የዕድሩ ጸሐፊ ብቻ አይቶ በመዝገቡ ዳር አንድ ምልክት ቢያደርግ ይበቃል።