ቁልፉ እኔ ጋ ነው

ጓደኛህ የነገረችህን ምስጢር መጠበቅ ያን ያህል አይከብድም። ያልነገረችህን ብታውቅስ?

አምስት ነን፤ አንድ ሰፈር ያደግን። ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ ሽቱትጋርት፣ አንዷ ዱባይ። አርብ አርብ ማታ በድምፅ እንገናኛለን። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው በነፃ አፕ ነበር የምናወራው። «የራሳችን ቤት ይኑረን» ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ። የምናወራውን ማን እንደሚያስቀምጠው አናውቅም፤ በሰው ቤት ምስጢር አይወራም አልኳቸው።

ሥራው እንደሚፈራው አይደለም። ቪፒኤስ ማለት ከአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ተከፍሎ የሚከራይ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ማምብልን ጫንኩ፤ ከ2005 ጀምሮ ያለ፣ ነፃ የሆነና ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ የድምፅ ፕሮግራም ነው። ለአምስት ሰው 1 ጊጋባይት ራም ይተርፈዋል። ለአንድ ሰው ድምፅ በሰከንድ 40 ኪሎቢት ገደማ ስለሚበቃ ደካማ ኔትወርክም ይችለዋል። ፖርት 64738ን ከፈትኩ፣ ፓስወርድ አበጀሁ፤ ኪራዩን የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ በካርዱ ከፈለ። በአንድ ማታ ባለቤት ሆንን።

«ሆንን» ማለቴ ነው ስህተቱ። ሰርቨሩ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚያስችለው የሩት ፓስወርድ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የዱባይዋ ጓደኛችን ድምፅ ይቆራረጥ ጀመር። ችግሩን ልፈልግ ብዬ ሎጉን ከፈትኩ። ሎግ የሰርቨሩ መዝገብ ነው፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው አይፒ አድራሻ እንደገባ ይጽፋል። አድራሻዋ የዱባይ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ነበር። ቪፒኤን ይሆናል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ግን ማን ነው ዱባይ ተቀምጦ የኢትዮጵያ ቪፒኤን የሚፈልግ? ወደ ኋላ እየሄድኩ አየሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ። «ሙቀቱ ገደለን» ያለችን ማታም እዚሁ አገር ነበረች።

ለምን እንደደበቀችን መገመት አይከብድም። ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ገና ሻንጣውን ሳያወርድ የሚጠየቀውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ታዲያ ምን አጠፋሁ? ስልኳን አልበረበርኩም፣ ደጇ ላይ ቆሜ አላዳመጥኩም። ልክ ነው። ግን ያንን ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ የሄድኩት ድምፅ ለመጠገን አልነበረም። የመጀመሪያው መስመር ሥራ ነበር፤ የቀረው ስለላ ነው።

በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ውስጥ ግላውኮን አንድ ተረት ያነሳል፦ እረኛው የማይታይ የሚያደርግ ቀለበት ያገኛል፤ ጥያቄው፣ ማንም እንደማያየው እያወቀ ጨዋ ሆኖ የሚቆይ ሰው አለ ወይ ነው። የሩት ፓስወርድ ትንሽዬ ቀለበት ነው። ማምብል ድምፃችንን በመንገድ ላይ ያመሰጥረዋል፤ ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ግን ይፈታና ለሌሎቹ እንደገና ተመስጥሮ ይላካል። ስለዚህ ሰርቨሩን የያዘ ሰው፣ ከፈለገና ከቻለበት፣ መስማት ይችላል። ከኩባንያ ሸሽተን የመጣነው እኔ ጋ ነው ማለት ነው።

እንዲያውም እኔ እብሳለሁ። ኩባንያው ያንኑ አድራሻ ቢያይ እሷ ለእሱ ከብዙ ሚሊዮን ቁጥሮች አንዷ ናት። እኔ ግን እናቷን አውቃቸዋለሁ። ያው አንድ መስመር ጽሑፍ በኔ እጅ ሲገባ ሰው ያሳፍራል።

«እኔ እኮ ጓደኛ ነኝ፣ ቃሌ ይበቃል» የሚል ይኖራል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን እድርን እዩት። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚለያዩት ሰዎቹ ሌባ ስለሆኑ አይደለም፤ የታመነ ሰው ብቻውን እንዳይፈተን ነው። እኔ ዳኛም ጸሐፊም ነበርኩ።

ከባዱ ግን እሷ ነበረች። ዝም ካልኩ፣ በየአርቡ ስለ ዱባይ ስታወራ እያወቅሁ ልሰማት ነው፤ ያም ስለላ ነው። ከነገርኳት ደግሞ ያልተዘጋጀችበትን ወሬ አስጀምራታለሁ። በመጨረሻ ለብቻዋ ጻፍኩላት፦ «ሎጉ ላይ አይፒሽን አየሁ። ከሚያስፈልገኝ በላይ ወደ ኋላ ሄጄ አይቻለሁ፣ ይቅርታ። ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ምንም እንድታስረጂኝ አልፈልግም።»

ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «እሺ። ግን ሌሎቹም ምን እንደሚታይህ ይወቁ።»

አርብ ማታ ለሁሉም ነገርኳቸው፤ ሰርቨሩ ምን እንደሚመዘግብ፣ እኔ ምን ማየት እንደምችል። የእሷን ነገር አላነሳሁም። የድሮውን ሎግ አጠፋሁ። ኮንፊጉ ውስጥ አይፒውን ወደማይታወቅ ቁጥር የሚቀይር ቅንብር አለ፤ አበራሁት። ሽቱትጋርት ላለው ልጅ ደግሞ ሁለተኛውን ቁልፍ ሰጠሁት፤ ገብቶ የሠራሁትን ያያል።

ይህ ሁሉ ቀለበቱን ከጣቴ እንዳላወለቀው አውቃለሁ። ሩት ያለው ሰው ያበራውን መልሶ ያጠፋል። ለውጡ አሁን ቀለበቱ እንዳለኝ ሁሉም ማወቃቸው ነው። ሰው እንዲያምነን ከመጠየቃችን በፊት ምን እንደሚታየን ልንነግረው ይገባል፤ አለዚያ የሰጠን እምነት ሳይሆን ያላወቀው ነገር ነው።

አሁንም አርብ አርብ ትገባለች። ስለ ሙቀቱ ግን ማውራት ትታለች። ከየት እንደምትገባ አልጠየቅኳትም።